ዛጎል እስክትነቃ

ድመቷ አገጯን በውሃ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አሳርፋ ውሃውን ታየዋለች እንጂ አትጠጣም። ፀደንያ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች፤ ምላሷ ብቅ ቢል፣ የውሃው ፊት አንድ ጊዜ እንኳ ሸብሸብ ቢል ብላ። አልሆነም። ማታ ያስቀመጠችላት ወተትም ስልባቦት ሠርቶ እንዳለ ነው። የሐምሌ ካፊያ ቆርቆሮው ላይ ሳይበረታም ሳያባራም ይንጠባጠባል። ክፍሉን የእርጥብ ጸጉርና የመግል ሽታ ሞልቶታል።

«እንዴት አደረች?» አሉ አባቷ ከኋላዋ።

መሪጌታ ገብረ ኪዳን ከማለዳው ጸሎት መመለሳቸው ነበር። የጋቢያቸው ትከሻ ረጥቧል፤ መቋሚያቸውን ገና ከእጃቸው አላስቀመጡም።

«እንደ ትናንቱ ናት አባዬ።»

«ሸጋ አይደለም በይኛ።»

«ሸጋ አይደለም።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው የእጃቸውን ጀርባ በድመቷ ጆሮ ላይ አሳረፉ። በፊት ይህ እጅ ሲነካት አንገቷን አስግጋ በጉሮሮዋ ታንጎራጉር ነበር። አሁን ዓይኗን እንኳ አላዞረችም።

«ቀጠሮው ዛሬ ነው?»

«ዛሬ ነው። አሁን ይዣት ልወጣ ነው።»

«እኔም እመጣለሁ» አሉና ደረቅ ጋቢ ሊለብሱ ወጡ። ፀደንያ ይህን አልጠበቀችም። ካለፈው ዓመት ወዲህ አባቷ ከቤትና ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም ሄደው አያውቁም።

የእንስሳት ሐኪሙ ሐብተ ማርያም ድመቷን መጀመሪያ ያየ ጊዜ ነገሩን በግልጽ ነግሯታል። ማህፀኗ መግል ቋጥሯል። ካልወጣ ሆዷ ውስጥ ይፈነዳል፤ ባይፈነዳም መርዙ ደሟን ይበክለዋል፤ ብዙ አትቆይም። ይውጣ ከተባለ ደግሞ በዚህ አቅሟ ሰመመኑን መቻሏ ያጠራጥራል። «ከቢላዋው ይልቅ እንቅልፉን ነው የምፈራላት» ነበር ያላት። ይህን ሲናገር ፊቱ የቆመችው ሴት ሥራዋ ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር።

ፀደንያ የሰመመን ባለሙያ ናት። በሆስፒታል፣ ከቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ ራስጌ ቆማ ሰው ስታስተኛና ስትቀሰቅስ ዓመታት አልፈዋል። ምጥ የጠናባት ሴት፣ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ከወገራ በቃሬዛ የመጣ ገበሬ፣ ሳንቲም የዋጠ ሕፃን፤ ለሁሉም የምትለው አንድ ነገር ነበረ። «አሁን ትንሽ ትተኛለህ፤ ስትነቃ እኔው አጠገብህ ነኝ።» ሰዎቹ ያምኗታል። እሷም ራሷን ታምን ነበር። አሁን ግን ያ ሁሉ እውቀት ዞሮ በራሷ ላይ መጣ። ሙያውን የማያውቅ ሰው የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ ተኝቶ አለመነሣትን። እሷ የምትፈራው ብዙ ነው፤ እያንዳንዱንም በስሙ ታውቀዋለች። ትንፋሽ መቆሙን፣ ትውኪያ ወደ ሳንባ መግባቱን፣ በተመረዘ ሰውነት ውስጥ የደም ግፊት ቀስ እያለ መውረዱን፣ ብርዱን። እነዚህን አንድ በአንድ ስታነሣና ስትጥል ነበር ያነጋችው። ለሰው እንዲህ ሆና አታውቅም፤ ይህም ራሱ አሳፈራት።

ዛጎል የወንድሟ ድመት ናት። ሰውአገኝ አናጢ ነው፤ ወይም ነበር። በዚህ ቤት ያንን ቃል እንዴት እንደሚጨርሱት የሚያውቅ የለም። አንድ ክረምት ከአምባ ጊዮርጊስ ሲመለስ ጃኬቱ ውስጥ ሸጉጦ አመጣት። በጥቁር ጸጉሯ ላይ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ ስላላት ዛጎል አላት። መሪጌታ «ብራናዬን ልትቦጫጭቅብኝ ነው» ብለው ተቆጡ፤ እሱ ስቆ ዝም አላቸው። ሁለት ዓመት አለፈው፤ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ፣ መካነ ብርሃን ከተማ ለሚሠራ ቤተ ክርስቲያን በርና መስኮት ሊገጥም መሣሪያውን ይዞ ወጣ። አውቶቡሱ አምባ ጊዮርጊስ ሲቆም ደወለ። ስለ ብርዱ አወራ፤ ድመቷ በልታ እንደሆነ ጠየቀ፤ ማታ እደውላለሁ አለ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ጠርቶ አያውቅም።

አውቶቡሱን መንገድ ላይ ሰዎች አስቁመውት ነበር ያለ አለ። ከዚያ በፊት ወርዷል ያለም አለ። ደባርቅ ላይ አይቼዋለሁ ያለ ሾፌር ነበር፤ ቀርበው ሲጠይቁት «መሰለኝ» አለ። አባትና ልጅ መንገዱ በተከፈተ ቁጥር እየሄዱ ጠየቁ። ሬሳ የለም፤ መቃብር የለም፤ በዓይኔ አየሁ ብሎ የሚምል ሰው የለም። ስለዚህ ልቅሶ አልተቀመጡም። ጎረቤት መጥቶ ሲቀመጥ ይቆይና፣ «ነፍስ ይማር» ማለት ቸግሮት፣ «ደግ ደጉን ያሰማችሁ» ብሎ ይወጣል። የንስሐ አባታቸው አንድ ቀን «የኔታ፣ ስሙን ከሕያዋን ጋር ላንሣው ወይስ ከሙታን?» ብለው ቢጠይቋቸው፣ መሪጌታ «ይቆይ» ብቻ አሉ። እንደቆየ ነው።

ድመቷ የምትተኛው በሰውአገኝ አልጋ ላይ ነው። አልጋውን የሠራው ራሱ ነው፤ አንሶላው እሱ ከሄደ ወዲህ አልተነሣም። ሲመሽ መሪጌታ ወደዚያ ክፍል ይገባሉ። ለተማሪዎቻቸው ዜማ ከመንገር በቀር ከሰው ጋር መጫወት የተዉት ሰው ድምፅ በግድግዳው በኩል ይሰማል። ለድመቷ ያወሩላታል፤ ዝናቡ እንዴት እንደዋለ፣ የትኛው ተማሪ እንደሰነፈ። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ «ዛሬም አልመጣም እኮ» ይሏታል። ፀደንያ ይህን ላለመስማት ትራሷን ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች። አባቷን በዚህ ዓለም ያቆያቸው ይህች ድመት እንደሆነች ካመነች ሰንብታለች። እሷስ ብትሄድ? ከዚህ አልፎ ማሰብ አልሆነላትም።

በባጃጅ ሄዱ። ቅርጫቱን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አደረገችው። ወደ አዘዞ በሚወርደው አስፋልት ላይ ጎርፉ ጠጠር ጥሎበታል፤ ባጃጁ በተንገጫገጨ ቁጥር መሪጌታ መዳፋቸውን ቅርጫቱ ላይ ጫን ያደርጋሉ።

ክሊኒኩ ከመንገዱ ገባ ብሎ ያለ ባለ ሁለት ክፍል የብሎኬት ቤት ነው። ደጁ ላይ አንድ ገበሬ እግሯ ያበጠ በቅሎ ይዞ ካፊያው ውስጥ ቆሟል። ሐብተ ማርያም ገና ወጣት ነው፤ እጆቹ ግን ሰፋፊ፣ በሬ ጠልፎ መጣል የለመዱ ናቸው። ድመት አሳክማለሁ ብሎ የሚመጣ ሰው እዚህ ጥቂት ነው። የዛጎልን ሆድ ዳበሰ፤ ከንፈሯን ገለጥ አድርጎ ድዷን አየ።

«ትናንት በስልክ ሥራሽን ስትነግሪኝ እፎይ ነው ያልኩት» አላት። «ልዋሽሽ አልፈልግም ሲስተር። የሆዷን ነገር እችለዋለሁ። የሚያሸንፈኝ እንቅልፉ ነው። የድመት ሆድ ከፍቼ አውቃለሁ፤ ያልተነሡልኝ አሉ። ኦክስጅን የለኝ፣ ጋዝ የለኝ። ያለኝ ኬታሚን ነው፤ እሱም መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ የተረፈኝ ይኸው ነው። እኔ ቢላዋ ይዤ ትንፋሿን ልጠብቅ አልችልም። ሰመመኑን አንቺ ያዢልኝ።»

«እኔ የማስተኛው ሰው ነው ዶክተር።»

«አራስ ልጅ አድርገሽ እያት።»

ፀደንያ ያን ሁሉ ስታስብ ይህን ብቻ አላሰበችውም ነበር። እንደ ማንኛውም አስታማሚ ከበሩ ውጭ አግዳሚ ላይ ልትቀመጥ፣ ሌላ ሰው ወጥቶ የሚላትን ልትሰማ ነበር የመጣችው። አሁን ግን መርፌውን የምትገፋው ራሷ ልትሆን ነው። በግድግዳው በኩል የሚሰማውን ያንን ድምፅ ዝም የምታሰኘውም ራሷ ልትሆን ነው።

«አባቴን ላናግር» ብላ ቅርጫቱን ይዛ ወጣች።

መሪጌታ ጣሪያው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል ተክለው ዝናቡን ያያሉ። አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ሰመመኑን እኔ እንድሰጥ ነው የሚፈልገው።»

«ታዲያ ካንቺ ሌላ ማን ሊሰጥ ኖሯል።»

«በጣም ደክማለች አባዬ። ላትነቃ ትችላለች።»

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አውቃለሁ እንደማለት። ገበሬው በቅሎዋን በሹክሹክታ ያባብላል። መሪጌታ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እውነቱን ንገሪኝ» አሉ። «እነዚህ የምታስተኛቸው ሰዎች፣ ይርባቸዋል?»

«አይርባቸውም።»

«ይበርዳቸዋል?»

«ሰውነታቸው ይቀዘቅዛል። እነሱ ግን አይታወቃቸውም።»

«ሰው ናፍቋቸው... ማን ጠፋ፣ ማን ቀረብኝ ይላሉ?»

«ምንም አይሉም አባዬ።»

«ቀኑስ አይረዝምባቸውም?»

ፀደንያ ሐሳቧ ሁሉ ከድመቷ ጋር ነበር፤ ምን ያህል መድኃኒት ልሳብ የሚለውን በልቧ እያሰላች ነው። ስለዚህ ለተማሪ እንደምትመልሰው መለሰች።

«ቀን የሚባል ነገር የላቸውም። ዓይናቸውን የከደኑበትና የገለጡበት ለነሱ አንድ ነው፤ በመካከሉ ምንም የለም። ቀኑ የሚረዝመው ደጅ ለተቀመጠው ነው።»

«ደጅ ለተቀመጠው» አሉ መሪጌታ፤ ትምህርት ሲቀጽሉ ቃሉን እየደገሙ እንደሚያጠኑት ቀስ ብለው። ከዚያ ነጠላውን ገለጥ አድርገው የድመቷን ግንባር በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። «ሂጂ እንግዲህ» አሏት።

ፀደንያ ቅርጫቱን አንሥታ ገባች።

መድኃኒቱን ሳበች፤ ወደ ብርሃኑ አንሥታ አየችው፤ ጥቂት ጠብ አድርጋ ደፋች፤ ደግማ አየችው፤ ደግማ ጠብ አደረገች። ሲበዛ ላትመለስ ነው፤ ሲያንስ ቢላዋው ሊሰማት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ በዚች ደቃቃ ሰውነት ላይ ከጸጉር የቀጠነ ነው። ለአራስ ሕፃናት የሚሆነውን ቀጭን የደም ሥር መርፌ የፊት እግሯ ላይ ሰካች። ግሉኮሱን በብብቷ ይዛ አሙቃው ነበር። ሐብተ ማርያም የሞቀ ውሃ የሞላባቸውን የፕላስቲክ ጠርሙሶች በጨርቅ ጠቅልሎ ከድመቷ ግራና ቀኝ ደረደረ። ፀደንያ ቀና ስትል በመስኮቱ በኩል አግዳሚውን አየችው። ባዶ ነው። መሪጌታ የሉም። መጠበቁን አልቻሉትም አለች በልቧ፤ አልፈረደችባቸውም።

መርፌውን ገፋች።

ሰው ሲተኛ ዓይኑ ይከደናል፤ ባይከደን እሷ በፕላስተር ትከድነዋለች። የዛጎል ዓይን ግን ተከፍቶ ቀረ፤ ሰፊ፣ እርጥብ፣ ምንም የማያይ። ይህ መድኃኒት በድመት ላይ እንዲህ እንደሚያደርግ በንባብ ታውቀዋለች፤ ማወቋ ግን አልረዳትም። ያ የተከፈተ ዓይን፣ ውስጡ ሰው የሌለበት ቤት መስኮት መሰላት። ቅባት አደረገችበት። ምላሷን ሳብ አድርጋ፣ በኮሮና ጊዜ የገዛችውን ጣት ላይ የሚሰካ የኦክስጅን መለኪያ ምላሷ ላይ ቆነጠጠችው። ቁጥሩ ሲዋልል ቆይቶ ረጋ።

«ቀጥል» አለችው።

ሐብተ ማርያም እጁ እንደ መልኩ አልነበረም፤ ቀስ ያለ፣ የተጠነቀቀ ነው። ማህፀኑ ተወጥሮ፣ ጠቁሮ፣ ያን ያህል ነገር ከዚያች ትንሽ ሆድ ይወጣል እስከማይባል ድረስ ወጣ። ሳይፈነዳ ወጣ። ፀደንያ ግን ወደዚያ አላየችም። እሷ የምታየው የደረቷን መነሣትና መውረድ ነው። አንዱ ሲወርድ ሌላው እስኪነሣ ድረስ የራሷን ትንፋሽ ትይዛለች።

ከዚያ አንዱ ወረደና ሌላው አልተነሣም።

ጠበቀች። ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። የድዷ ቀለም ወደ አመድ ዞረ። ደረቷን ዳሰሰች፤ ጆሮዋን ቆነጠጠች፤ ምንም። ሐብተ ማርያም እጁን አቁሞ አያት። ፀደንያ በዚያች ቅጽበት ያሰበችው ድመቷን አልነበረም። አባቷ ማታ ወደዚያ ክፍል ሲገቡ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ሲቀመጡ፣ አፋቸውን ከፍተው የሚያወሩለት ሲያጡ ነው የታያት። መለኪያውን ነቅላ ጣለች። የድመቷን አፍ በመዳፏ ዘግታ፣ አፍንጫዋን በአፏ ሸፍና፣ በጉንጯ ውስጥ ያለውን ብቻ፣ ለአራስ ሕፃን እንደሚደረገው፣ እፍ አለች። ደረቷ ትንሽ ከፍ አለ። ለቀቀች። ደገመች። የመግልና የመድኃኒት ጣዕም ምላሷ ላይ ቀረ። ደገመች። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላወቀችም። ወገቧ ሲዝል ይታወቃት ነበር፤ መቆም እንደሚገባትም ታውቅ ነበር፤ በሥራዋ ላይ ብትሆን ኖሮ አንድ ሰው ክንዷን ይዞ «ይበቃል» የሚልበት ሰዓት አልፏል።

ድመቷ እንደመንቀጥቀጥ ብላ አንድ ረጅም፣ የተቆራረጠ ትንፋሽ ሳበች። ቆየችና ሌላ ደገመች።

ሐብተ ማርያም ወደ ስፌቱ ተመለሰ።

ሲጨርስ እጁን ታጥቦ፣ «የኔ አልቋል። የቀረው ያንቺ ነው» አላትና በቅሎዋን ሊያይ ወጣ። ፀደንያ ዛጎልን ጠቅልላ ጭኗ ላይ አድርጋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ቀትር ሆነ፤ ቀትር አለፈ። ድመቷ ትተነፍሳለች፤ ከዚያ በላይ ግን ምንም የለም። ጆሮዋን ብትነካው አይንቀሳቀስም፤ መዳፏን ብትጫነው አይሰበሰብም። ወደ አባቷ ደወለች፤ አይነሣም። ደግማ ደወለች። ስልካቸውን የትም ጥለው መሄድ ልማዳቸው ነው።

ሐኪሙ ብቅ ብሎ፣ «አንዳንዷ እስከ ማምሻው ትቆያለች» አላት። ድምፁ ውስጥ ግን ራሱ የማያምነው ነገር ነበረ። እሷም ያንን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ከአንዴም ሁለቴ የራሷ ሆኖ ያውቃል።

ያኔ ተስፋዋን ቆረጠች። በድንገት አልነበረም፤ ውሃ ወደ ጨርቅ እንደሚገባ ቀስ እያለ ነው የገባባት። ቅርጫቱን ይዛ ቤት ስትገባ አባቷ ቀና ሲሉ በሐሳቧ ታዩዋት። የምትናገረውን ዓረፍተ ነገር ፈለገች፤ አንዱን ስትጀምረው ይሰበራል፣ ሌላውን ስትጀምረው ይሰበራል። በሆስፒታል ለቤተሰብ የሚናገረው ሁልጊዜ ሐኪሙ ነው፤ እሷ ከኋላ ትቆማለች። ደግሞም የከፋ ነገር በውስጧ አገኘች። ቶሎ ይለቅ ነበር የምትለው። በየትኛውም በኩል ይሁን፣ መጠበቁ ይለቅ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ትራሱን ጆሮዋ ላይ ስታደርግም ስትለው የኖረችው ይህንኑ እንደነበር አሁን ገባት። ገብቷትም ምንም አልቀለላትም።

ከበሩ ውጭ በቅሎዋ ጮኸች። የዛጎል ጆሮ ነቅነቅ አለ።

ፀደንያ የተሳሳተች መስሏት ነበር። ቆየችና የድመቷ ጉሮሮ ዋጥ አደረገ። የዓይኗ ነጭ ሽፋን ቀስ ብሎ ተሰበሰበ፤ ብሌኗ ጠበበ፤ ባዶው መስኮት ውስጥ አንድ ነገር መጥቶ ቆመ። ራሷን ቀና ልታደርግ ሞከረች፤ አንገቷ ተወላገደና ተመልሳ ወደቀች፤ ደግማ ሞከረች። ከሆዷ ሥር የመጣ፣ ሻካራ፣ የቁጣ የመሰለ ድምፅ አወጣች።

ሐብተ ማርያም በሩን ተደግፎ አያት። «መጣች» አለ።

በባጃጁ ውስጥ ሆና ፀደንያ እጇን ከነጠላው ሥር አላወጣችም። ዝናቡ አባርቶ የማምሻው ፀሐይ በእርጥቡ አስፋልት ላይ ወጥቷል። ደስታ ነው ለማለት አልደፈረችም፤ ገና ሌሊቱ አለ፤ ገና ቁስሉ አለ። ነገር ግን ሁለት ዓመት ከውጭ ወደዚያ ቤት ወሬ ይዛ ስትገባ ሁልጊዜ «አልተገኘም» ነበር። ዛሬ ሌላ ነገር ልትናገር ነው። አባቷ ምን እንደሚሉ፣ ድመቷን ከአልጋው ላይ ስታስተኛት እንዴት አጎንብሰው እንደሚያይዋት አሰበች፤ በመንገዱ ሁሉ ይህንኑ ደጋግማ አሰበች።

ባጃጁ ሰፈር ሲደርስ ማለፍ አልቻለም። መንገዱ ላይ ሰው ቆሟል። ከሰዎቹ ማዶ፣ ከራሷ ግቢ ውስጥ፣ የሴቶች ልቅሶ ይሰማል።

አባዬ፣ አለች። ቅርጫቱን ይዛ ወረደች። ሰዎቹ መንገድ ለቀቁላት፤ ማንም ዓይኗን አላያትም። በሩ ላይ የጎረቤታቸው የወይዘሮ ወለተሩፋኤል ክንዶች ተቀበሏት። ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው ለብሰዋል።

«አባቴ ነው?» አለች ፀደንያ።

«አባትሽስ አሉ» አሉ ሴትዮዋ። «ቀትር ላይ በዝናብ በስብሰው መጡና ደጄን አንኳኩ። 'ሰውአገኝ ሞቷል፤ ሰው ጥሪልኝ' አሉኝ። ደንግጬ፣ ምነው የኔታ፣ ማን ነገረዎት፣ መርዶውን ማን አመጣው ብላቸው፣ 'እኔው ነኝ' አሉ።»

ፀደንያ ቅርጫቱን አቅፋ ቆመች፤ አባቷ አግዳሚው ላይ «ቀኑስ አይረዝምባቸውም?» ሲሉ የጠየቁት ስለ ማን እንደነበር አሁን ተገለጠላት።

በግቢው ውስጥ የእድር ሰዎች ድንኳን እየወጠሩ ነው፤ ሸራው ገና ግማሹ መሬት ላይ ነው። ሴቶቹ በአንድ በኩል፣ ወንዶቹ በአንድ በኩል ተቀምጠዋል። መሪጌታ ገብረ ኪዳን ከግድግዳው ሥር በሰሌን ላይ ናቸው። ጥምጥማቸውን አውልቀዋል፤ ገላጣ ሽበታም ራሳቸውን በአደባባይ ስታየው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። አያለቅሱም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ ረጅም መንገድ ሄዶ የደረሰ ሰው እንደሚቀመጥ ተቀምጠዋል። አዩዋት። ከሷ ዓይናቸው ወደ ቅርጫቱ ወረደ።

ሄዳ ፊታቸው ተንበረከከች። ስትጓዝ ያዘጋጀችው ቃል ከአፏ አልወጣም፤ በዚህ ግቢ ውስጥ የሚቀመጥበት ቦታ አጣችለት። ከነጠላው ሥር ዛጎል በዚያ በሻካራ ድምፅ ጮኸች። አጠገባቸው ያሉት ሰዎች ዞረው አዩ።

«ነቃች?» አሉ መሪጌታ ዝቅ ብለው።

«ነቅታለች አባዬ።»

አባቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓይናቸው ግን ከቅርጫቱ አልፎ ሌላ ቦታ ነበር። «ወደ ውስጥ አስገቢያት፤ ብርድ ነው» አሉ። ትንሽ ቆይተውም፣ «ከዚያ መጥተሽ ከጎኔ ተቀመጪ።»

ገባች። የሰውአገኝ ክፍል በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ፍራሹ ለለቀስተኛ መቀመጫ ወጥቷል፤ አንሶላው የለም፤ ትራሱ የለም። አልጋው እንጨት ብቻ ሆኖ ቀርቷል፤ እሱ የላገው፣ እሱ የጠረበው። ድመቷን የምታስተኛበት ስታጣ መሬቱ ላይ ተቀመጠችና ከነጠላዋ አውጥታ ጭኗ ላይ አደረገቻት። ገና ማልቀስ አልጀመረችም። ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ተነሥቶ፣ መውረድ አቅቶት ቆሟል።

ከውጭ ልቅሶው ጋብ አለና የአንዲት አልቃሽ ድምፅ ብቻውን ወጣ። ሰውአገኝ፣ ብላ ጠራችው። አንድ ጊዜ፣ ከዚያም ረዘም አድርጋ ሌላ ጊዜ። ሁለት ዓመት በዚህ ግቢ ውስጥ ስሙ ጮክ ተብሎ ተጠርቶ አያውቅም።

ዛጎል ጆሮዋን አቆመች። ሰመመኑ ያልለቀቀው አንገቷ እየተወላገደ፣ ራሷን እንደምንም ቀና አድርጋ ወደ ተከፈተው በር ዞረች፤ ዓይኗን ከበሩ ሳታነሣም ጠበቀች።